ብዬ ነበር ባዩ መሪጌታ

ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚተከለው ጎጆ ነው፤ ቀጥሎ አጥር ይታጠራል፤ ከዚያ በኋላ «ብዬ ነበር» የሚል ሰው ይበቅላል። ጎጆው ሊፈርስ፣ አጥሩም ሊነቀል ይችላል፤ ሰውዬው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በየአገሩ አለ። በሬ ገደል ሲገባ፣ ትዳር ሲፈታ፣ ወጥ ሲያር፣ ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይልና ራሱን ነቅንቆ «ብዬ ነበር እኮ!» ይላል። መቼ እንዳለ፣ ለማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። የቀድሞዎቹ ነቢያት ነገሩ ሳይደርስ እየተናገሩ በድንጋይ ተወገሩ፤ ይህኛው ነገሩ ካለፈ በኋላ እየተናገረ ጠላ ይቀዳለታል።

ባሕር ዳር ላይ፣ የታንኳ መሥሪያው ደንገል ከሚታጨድበት ረግረግ ትንሽ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ሰፈር፣ በደርግ ዘመን ይህን ማዕረግ ይዘው የኖሩት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ዘወትር የነጣ፣ መቋሚያቸው ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ቀልደኞች በግእዝ «ነቢየ ድኅረ ነገር» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ነገር ካለፈ በኋላ የሚነሣ ነቢይ ማለት ነው። መሪጌታ ስሙን የሰሙ ቀን «ግእዙ ደኅና ነው» አሉ እንጂ አልተቆጡም።

ክንዱ ከእኒህ ሰው ጋር የተዋወቀው ሰፈሩ በገባ ማግሥት ነው። ክንዱ ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ከሚስቱ ከባንቺአየሁ ጋር ከመሪጌታ አጥር ጎን አንድ የጭቃ ቤት ተከራዩ። ዕቃቸውን አስገብተው ባደሩ ማግሥት የሐምሌ ዝናብ ከላይ ከመንገዱ ጎርፍ ይዞ ወረደና የኩሽናውን ግድግዳ ከነምድጃው ደረመሰው። ክንዱ ከጭቃው ውስጥ ድስት ሲፈልግ አንድ መቋሚያ ፊቱ ላይ ቆመ።

«ብዬ ነበር» አሉ ባለመቋሚያው።

«ይቅርታ አባቴ፣ እኔ እኮ የመጣሁ ትናንት ነው። መቼ አሉኝ?»

«ለአከራይህ ብዬ ነበር።»

አከራዩ በኋላ ሲጠየቅ፣ መሪጌታ ስለ ግድግዳው ትንፍሽ እንዳላሉ፣ እንዲያውም ግድግዳው ሲሠራ ጭቃውን እየረገጡ «ይህ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብለው መርቀው እንደነበረ ተናገረ። ክንዱ ሳቀ፤ ነገሩንም በዚያው ረሳው። ባንቺአየሁ ግን አንድ ያልረሳችው ነገር ነበር። መሪጌታ «ብዬ ነበር» እያሉ ነጠላቸውን አጥር ላይ ሰቅለው፣ እጅጌአቸውን ሰብስበው፣ እስከ ቀትር ድረስ ጭቃ ሲዝቁላቸው ውለዋል።

የመሪጌታ ሥልጣን ወሰን የለውም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ባለታንኳ ዳር ሊደርስ ሲል ተገልብጦበት፣ እንጨቱ ባሕሩ ላይ ተበትኖ፣ እሱ ራሱ እንደ በሰበሰ አይጥ ሆኖ ሲወጣ፣ መሪጌታ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። «ብዬ ነበር። ታንኳ ያለ መጠን ሲጫን ይገለበጣል ብዬ ነበር።» ሰውዬው ውኃውን ከጆሮው እያራገፈ «ለማን አባቴ?» ይላል። «ለባለታንኳ ሁሉ!» ይላሉ፤ ይሉና ጎንበስ ብለው እንጨቱን አብረውት ይለቅማሉ።

የጎረቤት ልጅ ትዳሯን ፈትታ ስትመለስም እንዲሁ ነው። «በሠርጉ ቀን ብዬ ነበር። ያ ሙሽራ ዓይኑ አላማረኝም ብዬ ነበር።» ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብለው አያሳልፉትም። «እርስዎ በሠርጉ ቀን ያሉት አንድ ነገር ነው» ይላሉ፤ «"ከጎድኑ ጨምሩልኝ" ነው ያሉት። ጨመሩልዎ፤ መረቁ። እኔ አጠገብዎ ነበርሁ።» መሪጌታም ፈገግ እንኳ ሳይሉ «በልቤ ብዬ ነበር» ይላሉ። በልባቸው ያሉትንማ ማን ይመርምር?

ንጉሡ ወርደው መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ይህ ልማድ ሊያስበላቸው ነበር። በራዲዮ አዋጁ ሲነገር ጠላ ቤት ተቀምጠው ነበርና፣ አፋቸው ለምዶባቸው «ይህ እንደሚመጣ ብዬ ነበር!» አሉ። አንድ ባለሽጉጥ ዞር ብሎ «ለማን?» አላቸው። መሪጌታ ዋንጫቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «ለወይዘሮ የብርጓል» አሉ። የብርጓልን የሚያውቅ ሁሉ፣ ባለሽጉጡ ጭምር፣ ሳቀና አለፈ።

እንግዲህ ወደ ቦዩ እንምጣ።

በየክረምቱ ከላይኛው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ መውጫ እያጣ ሰፈሩ ውስጥ ይተኛ ነበር። ሰዉ አልጋውን በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅሎ፣ ነሐሴን እንደ ዳክዬ ሲዋኝ ይከርማል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አዘዘ፣ ቀይ ሽብሩ ካለፈ ወዲህ የተሾመ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ ከአውራጃ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ራስ ምታት የሚይዘው ሰው ነበር። ሕዝቡን ሰበሰበና «ለተፈጥሮ አንንበረከክም!» አለ። ከዚያም ወደ ክንዱ ዞረ፤ የተማረ፣ የፋብሪካ ሰው፣ ወዛደር ነውና። ክንዱ ሲያስብበት የከረመ ነገር ነበረው። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ጎርፉን ከመንገዱ ሥር የሚቀበል፣ ሰፈሩን ሰንጥቆ፣ በባሕሩ ዳር ያለውን የደለል ጉብታ ቆርጦ፣ ደንገሉንም መንጥሮ ጣና ውስጥ የሚያፈስስ ቦይ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። የሚያስጨበጭብም ነበር።

በየእሑዱ ዘመቻ ሆነ። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ አፈር ይሸከማል፣ ከበሮ ይመታል። ቁፋሮው እየገፋ ከመሪጌታ ጓሮ ሲደርስ መስመሩ በቀጥታ በጌሾአቸው መካከል የሚያልፍ ሆነ። መሪጌታ ከጌሾው ፊት መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ክንዱ» አሉ፤ «ይህ ቦይ ውኃ ያመጣባችኋል።»

«መሪጌታ፣ ውኃ ሊያወጣልን ነው እኮ የምንቆፍረው።»

«ዛሬ ታወጣበታለህ። ባሕሩ የሞላ ጊዜ በዚያው በከፈትህለት በር ይገባል።»

«ውኃ ደግሞ ሽቅብ ይሄዳል?»

«ባሕሩ ራሱ ሽቅብ ከመጣስ?»

አፈር ተሸክማ የቆመችው ጠላ ሻጯ አገርነሽ ሸክሟን መሬት ላይ አውርዳ ወገቧን ያዘች። «ኧረ መሪጌታ፣ "ጌሾዬን አትንኩብኝ" ይበሉና ይገላገሉ! ባሕሩ ምን አደረገዎና ያሙታል?»

ቆፋሪው ሁሉ በአካፋው ተደግፎ ሳቀ። ክንዱም ሳቀ። መሪጌታ ለራሳቸውም ነገሩ እንዳልተሰወራቸው ፊታቸው ላይ ይታወቅ ነበር፤ ጆሮአቸው ድረስ ቀሉ። የተናገሩት ለጌሾው ነበር። ሌላ ሰበብ ሲፈልጉ ባሕሩ አፋቸው ላይ መጣ። ሌላ ክርክር አላነሡም፤ ከመንገዱ ዞር አሉ፤ ጌሾው ሲነቀልም ፊታቸውን ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አዙረው ቆሙ።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በዕድሜያቸው አንድን ነገር ከመሆኑ በፊት የተናገሩት በዚያ ቀን ነው። ማንም ልብ አላለውም። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠብቅ አልነበረምና።

ክረምቱ ገባ። ቦዩ ሲሠራ ማየት ነበር! ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እየተገላበጠ በሰፈሩ መካከል ያልፍና ጣና ውስጥ ይዘረገፋል። ወለላቸው የደረቀላቸው ሴቶች እልል አሉ። ክንዱ በመንገድ ሲያልፍ ሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣለት ጀመር፤ እሱም ሲራመድ ደረቱ ትንሽ ወጣ ማለቱ አልቀረም። የተቸገሩት መሪጌታ ብቻ ናቸው። ሐምሌ አለፈ፤ አንድ ግድግዳ አልወደቀም። ነሐሴ ሆነ፤ አንዲት ዶሮ እንኳ አልሰጠመችም። ሰውየው ከስተው ታዩ። «ምን ሆኑ?» ሲባሉ ወይዘሮ የብርጓል «የሚሉት አጥተው ነው» ብለው መለሱ። «ሰው ደኅና ሲሆን አይስማማቸውም።»

መስከረም ሁለት ቀን፣ በአብዮቱ በዓል፣ ቦዩ በክብር ተመረቀ። ከአውራጃ እንግዶች መጡ። ጓድ አዘዘ ቀይ ጥብጣብ ቆረጠ፤ ክንዱን አቅፎ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሰማዩ ጠርቷል፤ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል፤ ዝናቡ አብቅቷል። ደጋ ላደገ ሰው ዝናብ አበቃ ማለት ጎርፍ አበቃ ማለት ነው። ክንዱም አካፋና ዶማውን አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ ሰቀለ።

ጣና ግን እንዲያ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ክረምቱን ሙሉ ሲገብሩለት ይከርማሉ፤ እሱ ጠግቦ የሚያብጠው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ይህን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁት ነበር። ነገር ግን የደለሉ ጉብታና ደንገሉ ዘመናቸውን ሙሉ ባሕሩን ይዞላቸው ስለኖረ፣ ዓይን እንደለመደው ግንብ ረስተውት ነበር። እነሱ ሲረሱት ክንዱ መኖሩንም አላወቀ፤ ሁሉም ተባብረው ቆረጡት።

የመስቀል ሰሞን ነው። ክንዱ ጠዋት ከአልጋው እግሩን ሲያወርድ ውኃ ውስጥ ገባ። ዝናብ የለም። በበሩ ሥር ፀሐይ ገብታ ውኃው ላይ ታብረቀርቃለች። ጎርፍ ሲባል የሚጮህ፣ ግንድ የሚያንከባልል፣ ጭቃ የሆነ ነገር ይመስለው ነበር። ይህኛው ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ዝምተኛ ነው፤ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገብቶ ቤቱን ሞልቶት ተቀምጧል። ወደ ደጅ ወጣ። ራሱ ያሰመረው ቀጥ ያለ ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ወደ ኋላ፣ ከጣና ወደ ሰፈሩ ይፈስሳል። ባንቺአየሁ ከኩሽና ጮኸች፤ አንድ አምባዛ ዓሣ ከነጢሙ ከምድጃው አጠገብ ሲንፈራገጥ አግኝታ ነው።

የጭቃ ቤት ለውኃ ምን አቅም አለው? እስከ ቀትር ድረስ ግድግዳው ከሥሩ እየራሰ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ እየተንበረከኩ ይቀመጡ ጀመር። ሰዉ ሕፃኑንና አሮጊቱን እየተሸከመ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። የባሰው የመጣው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው። ለበዓሉ የመጣው ስኳርና ጨው መሬት ላይ ተከምሮ ነበርና፣ በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ጆንያዎቹ ብቻ ሰልለው ተገኙ። የሕዝብ ንብረት! በዚያ ዘመን የሕዝብ ንብረት ማጥፋት ማለት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ክንዱ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶበት ሳለ፣ ያ ድምፅ መጣ።

«ብዬ ነበር!»

መሪጌታ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ መቋሚያቸውን ውኃው ውስጥ እየወጉ ይመጣሉ። የራሳቸው ቤት ግማሹ ወድቋል። ፊታቸው ግን የፋሲካ ፊት ነው። «ብዬ ነበር! እዚህች ላይ፣ ጌሾዬ ሥር ቆሜ፣ ለክንዱ ብዬ ነበር! በከፈትህለት በር ይገባል ብዬ ነበር!» በየቤቱ በር ቆመው ተናገሩ። ዕቃ ለሚያወጣ፣ ለሚያለቅስ፣ ለሚሮጥ፣ ለሁሉም ተናገሩ። እየተናገሩም ዋናው ሥራ የት እንዳለ ያወቁት እሳቸው ናቸው። ክንዱን በክንዱ ይዘው ወደ ቦዩ አፍ ወሰዱት። ባዶ የስኳር ጆንያ አፈር እየሞሉ፣ ደንገል እየጠቀለሉ፣ ከሰዉ ጋር ሆነው ሲጥሉ ዋሉ። ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ጆንያ ተሸክመው፣ ከንፈራቸው ከብርድ ሰማያዊ ሆኖ እንኳ «ብዬ... ነበር...» ይላሉ። ማምሻውን የቦዩ አፍ ተዘጋ።

ክንዱ ላይኛው መንገድ ዳር ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። «ዛሬ እንኳ ቢተዉኝ ምን ነበረበት?» አለ።

ባንቺአየሁ እግሩን በነጠላዋ እያደረቀች መለሰች። «ሌላው ሰው ሲደርስብህ ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እሳቸው ይህችን ቃል ለማለት ሲሉ ይመጣሉ። መጥተው ደግሞ ተናግረው አይመለሱም።»

ቃሉ ግን ከጓድ አዘዘ ጆሮም ደርሶ ነበር።

ከአውራጃ ደብዳቤ መጣ። የተመረቀ ቦይ እንዴት ሰፈር ያፈርሳል? ስኳሩ ወዴት ሄደ? ተጠያቂው ማን ነው? ጓድ አዘዘን ራስ ምታቱ ያዘው፤ ጥብጣቡን የቆረጠው እሱ ነውና። በማግሥቱ እሑድ ረፋድ ላይ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ክንዱ ከፊት ተቀመጠ፤ ባንቺአየሁ ከጎኑ ሆነች።

«ጉዳዩ አጭር ነው» አለ ጓድ አዘዘ። «ጓድ ክንዱ ባለማወቅ አድርጎት እንደሆነ ስሕተት ነው፤ ግለ ሂስ አድርጎ ይታረማል። አስቀድሞ ተነግሮት፣ እያወቀ አድርጎት እንደሆነ ግን አሻጥር ነው። አሻጥረኛን እኛ አንዳኘውም፤ ለአውራጃ እናስረክባለን።»

ለአውራጃ የተረከበ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስ እንደሆነም፣ የሚያውቅ አልነበረም። ክንዱ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አንተ ቆይ፤ ምስክር አለን» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጓድ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት!»

መሪጌታ ከመካከል ተነሡ። «ጓድ» ተብለው ሲጠሩ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው እንደሆነ አዩ፤ ከዚያ ወደ ፊት መጡ።

«በአብዮቱ ስም እውነት ለመናገር ይማሉ?»

«እምላለሁ» አሉ ሳያመነቱ።

«ቦዩ ባሕሩን እንደሚያስገባ ለዚህ ሰው አስቀድመው ነግረውታል? ብለውት ነበር?»

ክንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ እንደኖሩ ያውቃል። እስከ ዛሬ «መቼ ብለው ነበር?» እያለ የሳቀባቸው ሁሉ አዳራሹን ሞልቶት ተቀምጧል። መንግሥት ራሱ ቁጭ ብሎ «ብለው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያውም ለአንድ ጊዜ እውነት ነው! ክንዱ ዓይኑን ገልጦ ሲያይ መሪጌታ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞር ብለዋል፤ ቃሉ እየመጣ ነው።

«አላልሁም» አሉ መሪጌታ።

«ምን?»

«አላልሁም አልሁ።»

ጓድ አዘዘ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ውኃው መካከል ቆመው ሲጮኹ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ስጮኽ ያልሰማ ማን አለ? የአገርነሽ ጠላ ሲሆመጥጥ "ብዬ ነበር" አልሁ። ብዬ ነበር? አላልሁም። ያንተ ፈረስ እግሩን ሲሰበር "ብዬ ነበር" አልሁህ። ፈረሱን እንኳ አላውቀውም ነበር። አመሌ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ነቢየ ድኅረ ነገር የሚለኝ ለምን ይመስልሃል? እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ "ብዬ ነበር" ስል ኖሬ አንድ ቀን ብዬ አላውቅም።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ መቋሚያቸውንም ወለሉ ላይ መቱ። «ወልደ ሐዋርያት አንድን ነገር አስቀድሞ ሲናገር የሰማ ሰው እዚህ ቤት ካለ እጁን ያውጣ!»

ጌሾው ሥር አካፋቸውን ተደግፈው የሳቁት ቆፋሪዎች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ናቸው። አንዱ ጣራውን አየ። አንዱ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር። አገርነሽ የነጠላዋን ጥለት አንሥታ፣ ዛሬ ገና እንደገዛችው ሁሉ፣ በጥሞና ትመረምር ገባች። የክንዱ እጅ ከጭኑ ላይ ሊነሣ ሲል ባንቺአየሁ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። አንድም እጅ አልወጣም።

ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ የብርጓል ድምፃቸውን አሰሙ። «እውነታቸውን ነው! ከተጋባን ጀምሮ አንድም ቀን ብለው አያውቁም!»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ አዳራሹን አጥለቀለቀው። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው፣ ራስ ምታቱ የለቀቀው ጓድ አዘዘ ነው። ስሕተቱ የዕውቀት ማነስ ነው ተባለ። ክንዱ ግለ ሂሱን አነበበ፤ ሕዝቡም አጨበጨበለት። የቦዩ አፍ ላይ ክረምት የሚከፈት፣ መስከረም የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ እንዲሠራ፣ የፈረሱትንም ቤቶች ሰፈሩ በደቦ እንዲያቆም ተወሰነ። ስኳሩ «በተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ተዘጋ።

ክንዱ መሪጌታን በጊዮርጊስ መንገድ ላይ ሮጦ ደረሰባቸው። እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል በመቋሚያቸው ከለከሉት።

«መሪጌታ፣ ለእኔ ሲሉ በሐሰት ማሉ።»

«በምን ማልሁ?»

«በአብዮቱ።»

«ታዲያ?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ሄደው ቆም አሉ። «በጊዮርጊስ አምለውኝ ቢሆን ግን ጉድህ ፈልቶ ነበር።»

የዚያ ቀን ውለታ ለመሪጌታ ቀላል አልሆነም። ከዚያ ወዲያ የትም ቦታ «ብዬ ነበር» ሲሉ፣ «ኧረ አዳራሽ ላይ አላልሁም ብለው የለም እንዴ!» የሚል አይጠፋም። በገዛ ቃላቸው፣ በቃለ ጉባኤ፣ ምንም ያላለ ሰው ሆነው ተመዝግበዋል። ልማዳቸውን ግን አልተዉም፤ ስለ በሬ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ወጥ ማለታቸውን ቀጠሉ፤ ሰዉም መሳቁን ቀጠለ። ስለ ቦዩ ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

ክንዱ አዲስ ቤት ሲሠራ ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት ጠራቸው። «መሪጌታ፣ መሠረቱን ምን ያህል ላድርገው?» መሪጌታ እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና ደነገጡ። መሬቱን አዩ፤ ባሕሩን አዩ። «እኔ ምን ዐውቄ?» አሉ። ሊሄዱ ከተነሡ በኋላ ተመልሰው «ከፍ አድርገው» አሉት። ክንዱ ከፍ አደረገው፤ ካሰበው በላይ ከፍ አደረገው። ባንቺአየሁ ውኃ ቀድታ ደረጃውን በወጣች ቁጥር ትረግመው ነበር፤ ውኃ ግን ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አላለፈም።

ዓመታት አለፉ፤ ልጆች ተወለዱ፤ መሪጌታ ጎበጡ። ጣና ሞልቶ መዝጊያው በሚዘጋበት ሰሞን፣ በየዓመቱ፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ወደ ክንዱ ቤት ይመጣሉ። ክንዱም ከደረጃው ወርዶ ይቀበላቸዋል፤ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ባንቺአየሁ ጠላ ይዛ እስክትመጣ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ይናገራል።

«መሪጌታ፣ ብለው ነበር እኮ።»

መሪጌታ ግራ ቀኛቸውን ያያሉ። የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ጢማቸውን ዳሰስ ያደርጉና፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ «መቼ?» ይላሉ፤ ክንዱም እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸዋል።